በእጅ መሣሪያ ገጽ ላይ ስለሚቀመጡ ታናናሽ ምልክቶች
ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

ንግድ ከጥንት ጀምሮ በምልክት ሲሠራ የኖረ ሥራ ነው። በቃል የተነገረው ይረሳል፤ በጽሑፍ የሰፈረውም ሁልጊዜ የሚያነብበው ሰው አያገኝም፤ ምልክት ግን ገና ከሩቅ ሲታይ ይታወቃል። በጆንያ ተሞልቶ ወደ ውጭ አገር የሚላክ የኢትዮጵያ ቡና በጎኑ ላይ ሦስት ቁጥሮች በሰረዝ ተለይተው ይጻፉበታል። የመጀመሪያው የአገሩ ቁጥር ሲሆን ለኢትዮጵያ የተሰጠው 010 ነው፤ ሁለተኛው የላኪው፣ ሦስተኛው የጭነቱ ነው። በባሕር ማዶ ወደብ የሚሠራ የመጋዘን ጠባቂ አማርኛ ሳያውቅ፣ የላኪውንም ፊት ሳያይ፣ ጆንያው ከየት አገር፣ ከማን እጅና በየትኛው ጭነት እንደ መጣ በእነዚህ ጥቂት አሃዞች ይረዳል።

በአሁኑ ጊዜ ግን ከጆንያው ምልክት አስቀድሞ የሚታይ ሌላ ምልክት አለ። በቦንጋ ከተማም ሆነ በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨናና በገዋታ ወረዳዎች ቡና የሚሰበስብ ሰው የገበሬውን ስምና የሚዛኑን ቁጥር በእጅ ስልክ ወይም በታብሌት መመዝገብ ጀምሯል። ባለሱቁም የዕቃውን ዋጋ በስልክ ይቀበላል፤ ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ በስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን ለመልቀቅ ወይም ለመያዝ የሚወስነው ብዙ ጊዜ በመሣሪያው ገጽ ራስ ላይ የምትታየውን ትንሽ ምልክት አይቶ ነው። ምልክቲቱ የተሳሳተች እንደ ሆነ ስሕተቱ በገንዘብና በዕቃ ላይ ይደርሳል።

ይህች በገጹ ራስ ላይ የተዘረጋችው ቀጭን መስመር በአማርኛ «የሁኔታ አሞሌ» ተብላለች። አሞሌ ዱሮ ከሰሜን አገር በነጋዴ ቅብብሎሽ እስከ ከፋ ገበያዎች ይደርስ የነበረው፣ እንደ ገንዘብም ያገለገለው የጨው ብሎን ስም ነው። ስሙ ለመስመሪቱ የተሰጣት በቅርጿ ምክንያት ቢሆንም ለነጋዴ ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። በአሞሌ ጨው ዘመን ተቀባዩ የተሸረፈውን ከሙሉው ሳይለይ አይቀበልም ነበር። ከዛሬው የሁኔታ አሞሌም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ የተፈጸመውን ካልተፈጸመው ለይቶ ማሳየት።

የዚህ ትምህርት ዋና ቃል እንግዲህ አንድ ነው፤ ይኸውም ምልክት መሣሪያው ከሚያውቀው በላይ መናገር የለበትም የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ ምልክቱ በጥቂት ስፍራ ላይ ይህን ሕግ ጠብቆ እንዴት እንደሚሠራ፣ ገዢውም እንዴት አድርጎ እንደሚመረምረው ያስረዳል።

ስለ ስፍራው ጥበት

በአንድሮይድ ሥርዓት የሚሠሩ መሣሪያዎች አንዱን ኢንች በ160 እኩል ክፍል ከፍለው ይለካሉ። በሁኔታ አሞሌ ላይ ለሚቀመጥ ምልክት የተመደበው ስፍራ ከእነዚህ ክፍሎች 24 በ24 የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ይህ በሚሊ ሜትር ሲቆጠር 3.8 ያህል ይሆናል። ቡና ነጋዴ ይህን ለመረዳት ወንፊቱን ያስታውስ። የቡና ወንፊት ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በኢንች 64ኛ ክፍል ይገልጻል፤ ስለዚህ 14 ቁጥር ወንፊት 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ምልክቱ በሙሉ በ14 ቁጥር ወንፊት ላይ ከሚቀር አንድ የቡና ፍሬ ወርድ ያንሳል ማለት ነው።

ከዚህም ከ24ቱ ክፍል በየጎኑ ሁለት ሁለት ክፍል ባዶ ተትቶ ሥዕሉ በ20 ክፍል ውስጥ ይሠራል። ዳሩ ባዶ ካልሆነ ጎን ለጎን የተቀመጡ ምልክቶች ተነካክተው አንድ መስለው ይታያሉ። የመስመሩ ውፍረት ሁለት ክፍል፣ በሚሊ ሜትር 0.3 ያህል ሲሆን መልካም ነው። ጤነኛ ዓይን ከአንድ ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ነው። ሚዛን ጫኙ መሣሪያውን በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ቆሞ የሚያየው በዚህ ያህል ርቀት ነው። ከዚህ የቀጠነ መስመር የሣለ ሰው በዕለቱ ለራሱ ይታየው ይሆናል፤ በመጋዘን በር ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ግን አይታይም። በሁለት መስመሮች መካከል የሚተወው ክፍተትም እንደ መስመሩ ሁሉ ከሁለት ክፍል ባያንስ ይሻላል።

ከቀደሙት ሠሪዎች ስለሚገኝ ትምህርት

በጠባብ ስፍራ ምልክት የመሥራት ሙያ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቱ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ምልክቶችን ስትሠራ በካሬ ወረቀት ላይ 32 በ32 የሆኑ ቤቶችን እያጠቆረች ነበር። ጃፓናዊው ሺጌታካ ኩሪታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኤንቲቲ ዶኮሞ የስልክ ኩባንያ 176 ታናናሽ ምልክቶችን ሠራ። ለእያንዳንዱ ምልክት የነበረው ስፍራ 12 ነጥብ በ12 ነጥብ፣ በድምሩ 144 ነጥብ ብቻ ነበር። እነዚህ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል።

ዛሬ ነጥቡ በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኖኪያ 3310 ስልክ መላ ገጹ 84 በ48፣ ማለት 4,032 ነጥብ ነበር። አሁን ከሁሉ በጠራው የስልክ ገጽ ላይ አንዲቱ የሁኔታ ምልክት ብቻ 96 በ96፣ ማለት 9,216 ነጥብ ታገኛለች። ከዚያ ስልክ መላ ገጽ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሠዓሊውን የሚያስተው ይህ ብዛት ነው። ነጥቡ ቢበዛም ስፍራው ያው 3.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሰውም ዓይን አልተለወጠም። በሠዓሊው ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ የቡናው ቅጠል ሥሩና ጅማቱ ሳይቀር ያማረ ሆኖ ይታያል፤ በስልኩ ላይ ሲወርድ ግን እንደ ቀለም ጠብታ ይደፈናል። በተጨማሪም ዋጋው አነስተኛ በሆነ መሣሪያ ላይ ያችው ምልክት 36 በ36 ወይም 24 በ24 ነጥብ ብቻ ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ምልክት መሠራት ያለበት በመጀመሪያ ለርካሹ ገጽ ነው፤ ለርካሹ የተስማማ ለውዱም ይስማማል።

ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ

ብዙ ሰው ትርጓሜን በቀለም መግለጽ ቀላል ይመስለዋል፤ አረንጓዴ «ደርሷል»፣ ቀይ «አልደረሰም» ቢባል ይበቃል ብሎ ያስባል። ይህ ግን በሦስት ምክንያት አይበቃም። አንደኛ፣ ከወንዶች መካከል ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት የማይችሉ አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ጉድለታቸውን ራሳቸው ሳያውቁት ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ቡናው በአልጋ ላይ በሚሰጣበት በቀትር ፀሐይ የገጹ ቀለም ይደበዝዛል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ከወጣው ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ሥርዓቱ በሁኔታ አሞሌ ላይ የሚወጡ የማሳወቂያ ምልክቶችን ቀለም አይቀበልም፤ ቅርጹን ብቻ ወስዶ በአንድ ቀለም ያወጣዋል። ይህን ያላወቀ ሠሪ የድርጅቱን ባለቀለም ዓርማ ከነመደቡ ያስገባ እንደ ሆነ በአሞሌው ላይ የሚታየው ምንም ሥዕል የሌለበት ድፍን አራት ማዕዘን ነው። አስመጪ ወይም ባለሱቅ በሚገዛው ፕሮግራም ላይ እንዲህ ያለ ባዶ አራት ማዕዘን ቢያይ ሥራው በጥንቃቄ እንዳልተሠራ ማስረጃ ይሁነው።

ልዩነት እንግዲህ በቅርጽ ይገለጽ። ባዶና ሙሉ፣ ክፍትና ዝግ፣ ቀጥ ያለና የተቋረጠ፤ እነዚህ ያለ ቀለም የሚታወቁ ልዩነቶች ናቸው። ቀለም ከቻለ ይታከልበት፤ ብቻውን ግን አይታመንበት።

ስለ ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ በዓለም ስልኮች ሁሉ ለመጻፍ የሚያስችል መንገድ ተከፍቷል። ስለዚህ በሥዕል ፈንታ አንድ ፊደል በምልክትነት ቢቀመጥ መልካም አይሆንምን የሚል ሐሳብ ይነሣል። በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፊደላችን ካዕብ፣ ሣልስና ኀምስ ከግዕዙ የሚለዩት በትንሽ ቅጥል ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ያችው አግዳሚ ቅጥል በወገብ ወይም በእግር በመሆኗ ብቻ ነው። በመጽሐፍ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ በ12 ነጥብ ቁመት ሲሆን ግን ልዩነቱ የሁለትና የሦስት ነጥብ ጉዳይ ይሆናል። «ቡ» ለቡና፣ «ቢ» ለቢሮ ተብሎ ሁለቱ ባንድ አሞሌ ላይ ቢወጡ አንዱ በሌላው መተካቱ አይቀርም። ፊደል የግድ ካስፈለገ ቅጥል የሌለው ግዕዙ ይመረጥ፤ በአንድ ገጽም ላይ ከአንድ ፊደል በላይ አይሁን።

ቁጥርን በሚመለከት የግዕዝ አሃዞች ከላይና ከታች መስመር ስላላቸው በጠባብ ስፍራ ይደፈናሉ። ያልተላኩ መዝገቦችን ብዛት ለማሳየት ነጋዴው በየዕለቱ በሚዛንና በደረሰኝ ላይ የሚያያቸው 1፣ 2፣ 3 ይሻላሉ።

ስለ ሥዕሉ ምርጫ

ለሁሉ የታወቁትን መለወጥ አያስፈልግም። የባትሪው፣ የኔትወርኩና የሰዓቱ ምልክት በዓለም አንድ ዓይነት ሆነው ተለምደዋል፤ ለከፋ ብቻ ተብሎ በሌላ ሥዕል ቢተኩ ተጠቃሚውን ከማደናገር በቀር ጥቅም የላቸውም። ነገር ግን ለአገሩ ንግድ የተለየ ነገር ሲመጣ ከውጭ የተወረሰው ሥዕል ላይታወቅ ይችላል። ከጎኑ ባንዲራ የሚቆምለት የአሜሪካ የፖስታ ሣጥን በቦንጋ ገበያ ላለ ሰው ምንም አይነግረውም። ጆንያ፣ ሚዛንና ቀፎ ግን ለከፋ ሰው ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሆኖም የታወቀ ነገር ሁሉ ለትንሽ ምልክት ይመቻል ማለት አይደለም። ለዚህ የቡና ፍሬ ራሱ ምሳሌ ነው። ፍሬው ክብ ቀመስ ሆኖ በመካከሉ ስንጥቅ ስላለው ሠዓሊ ሁሉ ወደ እርሱ ይቸኩላል። ነገር ግን በ3.8 ሚሊ ሜትር ውስጥ ክብና በመካከሉ ዘንበል ያለ መስመር ሲሣል የሚመስለው ቡናን ሳይሆን «ክልክል ነው» የሚለውን የመንገድ ምልክት ነው። ተቀባይነት ያገኘ ቡና በክልከላ መልክ ታየ ማለት ነው። መድኃኒቱ ፍሬውን ቀና አድርጎ መሣል፣ ስንጥቁንም እንደ ወንዝ ማጠፍና ዳርና ዳሩን ሳያስነኩ መተው ነው።

ጆንያም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። አንገቱ የታሰረ ጆንያ በብዙ ስልኮች የገንዘብ ከረጢት ማለት ሆኗል። ለውጭ ገበያ 60 ኪሎ ቡና የሚሞላው ጆንያ ግን አፉ ቀጥ ብሎ የተሰፋ፣ በሁለቱ ማዕዘን እንደ ጆሮ የቆመ ነው። እነዚያ ሁለት ጆሮዎች ከተሣሉ የቡና ጆንያነቱ በጥቂት መስመር ይታወቃል፤ ከገንዘብ ከረጢትም ይለያል።

ስለ መድረስና አለመድረስ

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚመጣው በዚህ ክፍል ነው። እንበል አንድ ቡና ሰብሳቢ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ከአሥራ ሁለት ገበሬዎች እሸት ቡና ገዝቶ የእያንዳንዱን ሚዛን በታብሌቱ ላይ መዘገበ። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ መዝገብ ጎን የ«ትክክል» ምልክት፣ ማለት እንደ ጭረት ያለች ማጣፊያ አወጣ። ሰብሳቢው «መዝግቤአለሁ» ብሎ ተረዳት፤ ቦንጋ ያለው መዝገብ ያዥ በታብሌቱ ላይ ያችኑ ምልክት ሲያይ «ከማዕከሉ መዝገብ ደርሷል» ብሎ ተረዳት። ከዚህ የተነሣ ታብሌቱ ለሌላ ሥራ ሲጸዳ የአሥራ ሁለቱ ገበሬዎች ሒሳብ አብሮ ጠፋ። ከሁለቱ ሰዎች ማናቸውም አልዋሹም፤ የዋሸችው ምልክቲቱ ናት። ያወቀችው በመሣሪያው ውስጥ መጻፉን ብቻ ሲሆን የተናገረችው ግን ፍጹም መድረሱን ነው።

ይህ ዓይነቱ መደናገር በየቀኑ በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከልም አለ። በዋትስአፕ አንድ ጭረት መልእክቱ መላኩን፣ ሁለት ጭረት ወደ ተቀባዩ ስልክ መድረሱን ይገልጻል። በቴሌግራም ግን አንድ ጭረት መልእክቱ ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር መግባቱን፣ ሁለት ጭረት ደግሞ ተቀባዩ መልእክቱን መክፈቱን ይገልጻል። ስለዚህ በዋትስአፕ የዋጋ ማስታወቂያ ልኮ ሁለት ጭረት ያየ ላኪ «ገዢው አይቶታል» ብሎ ቢወስን ሊሳሳት ይችላል፤ ዋጋው የደረሰው ለስልኩ እንጂ ለሰውየው ላይሆን ይችላልና።

ለንግድ ሥራ የሚሆን ፕሮግራም ቢያንስ አራት ሁኔታዎችን በአራት ቅርጽ መለየት አለበት። አንደኛው በመሣሪያው ውስጥ ብቻ ያለ፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ ያለ፣ ሦስተኛው ተቀባዩ መዝገብ አረጋግጦ የተቀበለው፣ አራተኛው ተሞክሮ ያልሄደ ነው። ለቡና ሥራ ሲሆን ባዶ ጆንያ፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ያለበት ባዶ ጆንያ፣ ድፍን ጆንያና የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ጆንያ ተብሎ ሊሠራ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ሁኔታ በግማሽ በተሞላ ጆንያ መግለጽ ስሕተት ነው፤ ነጋዴ ግማሽ ጆንያ ሲያይ የሚያስበው ስለ ሚዛን እንጂ ስለ መላክ አይደለምና። ያልሄደውንም ያለ ምልክት በዝምታ ማለፍ አይገባም፤ ዝምታን ሰው ሁሉ እንደ ደኅንነት ይቈጥረዋል።

ባለሱቅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨምር፤ ምልክቱ የወጣው በማን መሣሪያ ላይ ነው? ገዢው በራሱ ስልክ ላይ «ተከፍሏል» የሚል ገጽ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ገጽ የአሮጌ ክፍያ ሊሆን፣ ወይም በሐሰት የተቀነባበረ ሥዕል ሊሆን ይችላል። የገንዘቡ መድረስ የሚረጋገጠው በተቀባዩ ሒሳብና በተቀባዩ መሣሪያ ብቻ ነው።

ስለ ኔትወርኩም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እየረዘሙ የሚሄዱት የኔትወርክ መስመሮች የሚለኩት ከምሰሶው የሚመጣውን ሞገድ ጥንካሬ ነው፤ መረጃ ማለፍ አለማለፉን አይለኩም። አራቱም መስመር ሞልቶ ክፍያው ሊዘገይ ይችላል። ከመስመሮቹ ጎን የቃለ አጋኖ ምልክት ከታየ ስልኩ ከምሰሶው ጋር ተገናኝቶ ሳለ ኢንተርኔት አላገኘም ማለት ነው።

ስለ ስፍራ ምልክት

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አባል አገሮቹ እንዳይገባ ተደንግጓል። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢተላለፍም ላኪው የየማሳውን ስፍራ አስቀድሞ እንዲመዘግብ ያስገድደዋል። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያው በነጥብ ይከበባል፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። ነጥቡም በዲግሪ ሲጻፍ ከነጠላው በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ሊኖረው ይገባል።

ለከፋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡናው በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው፤ ደኑም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፍራን የሚያውቀው የጂፒኤስ መሣሪያ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ሞገድ መቀበል አለበት፤ ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ቅጠልና ግንድ ግን ሞገዱን ያደክመዋል፣ ያዛባዋልም። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሜዳ የእጅ ስልክ ስፍራውን የሚያውቀው በ5 ሜትር ያህል ስሕተት ነው፤ በጫካ ውስጥ ስሕተቱ ይጨምራል። ስድስተኛው አሃዝ ደግሞ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀትን የሚገልጽ ነው። መሣሪያው እንግዲህ ስድስት አሃዝ መጻፉ ስድስቱም እውነተኛ ናቸው ማለት አይደለም። ነጥቡ ጥቂት ሜትር ተንሸራትቶ ከማሳው ወደ ጥብቁ ደን ከገባ በወረቀት ላይ የሚነበበው ገበሬው ደን ውስጥ እንደ ዘራ ነው፤ ጭነቱም ሊጠየቅበት ይችላል።

በብዙ ስልኮች ላይ የስፍራ ምልክት የተገለበጠ ጠብታ የመሰለ ሥዕል ነው፤ የሚናገረውም አንድ ፕሮግራም ስፍራን በመጠየቅ ላይ መሆኑን እንጂ ስፍራው በትክክል መታወቁን አይደለም። መዝጋቢው ግን «ተገኝቷል» ብሎ ይተረጉመዋል። ለዚህ ሥራ የሚገዛ ፕሮግራም የራሱ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ሳተላይት ሲፈለግ ጠብታው በተቆራረጠ መስመር ይሣል፤ ስፍራው በግምት ሲታወቅ በሙሉ መስመር ባዶውን ይሣል፤ ስሕተቱ ላኪው ከወሰነው መጠን በታች ሲወርድ ብቻ ይደፈን። በአጠገቡም የስሕተቱ መጠን በሜትር ይጻፍ፤ «5 ሜ» ወይም «40 ሜ» የሚል አጭር ጽሑፍ ከብዙ ሥዕል ይልቅ ይረዳል። ጠብታው ሳይደፈን መዝጋቢው ነጥቡን ማኖር እንዳይችል ቢደረግ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። እንዲህ ከሆነ መዝጋቢው ወደ ገላጣው ወጣ ብሎ ወይም ጥቂት ቆይቶ ይለካል እንጂ ጉድለቱን ይዞ ወደ ቦንጋ አይመለስም።

ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ፈተና

መሣሪያ ወይም ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴ ሠዓሊ መሆን አያስፈልገውም፤ መመርመር ግን ይችላል። ምርመራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያውን በቀትር ፀሐይ ወደ ውጭ አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ከአንድ ሜትር ርቀት ምልክቶቹን ይመልከት። የማይለዩ ሁለት ምልክቶች ካሉ አንዱ መለወጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙን ፈጽመው ላላዩ አምስት ሰዎች፣ ይልቁንም ለሚዛን ጫኝ፣ ለሰብሳቢና ለመዝገብ ያዥ ያሳይ። «ያምራል ወይ?» ብሎ አይጠይቅ፤ ሰው በይሉኝታ «ያምራል» ይላልና። «ይህ ምን ይላል? ይህን አይተህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ከአምስቱ ሁለቱ የተሳሳተ ነገር ካደረጉ ጥፋቱ የምልክቱ እንጂ የሰዎቹ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የስልኩን ኔትወርክ በእጁ ዘግቶ አንድ መዝገብ ይጻፍ። የሚወጣው ምልክት ኔትወርክ እያለ ከሚወጣው ጋር አንድ ከሆነ ፕሮግራሙ ለገጠር ሥራ አይታመንም። ከዚያም መሣሪያውን አጥፍቶ አብርቶ «ያልተላከ» የሚለው ምልክት እንዳለ መሆኑን ይመልከት።

አራተኛ፣ ሌሎች ብዙ ማሳወቂያዎች በአሞሌው ላይ እንዲወጡ ያድርግ። ስፍራው ሲሞላ በብዙ ስልኮች ላይ ትርፎቹ ምልክቶች በአንዲት ነጥብ ተጠቅልለው ይሰወራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚያስለቅቅ ምልክት በሁኔታ አሞሌ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም፤ በፕሮግራሙ ገጽ ውስጥም በጉልህ መጻፍ አለበት።

አምስተኛ፣ የምልክቶቹ ትርጓሜ በአማርኛና እንደ ሠራተኛው ሁኔታ በካፍኛም በአንድ ወረቀት ተጽፎ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ወረቀት ከአንድ ገጽ ከበለጠ ምልክቶቹ በዝተዋል ማለት ነው፤ እንዲቀነሱ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

የጆንያው ላይ ቁጥር ባሕር ተሻግሮ የሚታመነው ስለሚያምር አይደለም፤ በእውነት የሚታወቀውን፣ ማለት አገሩን፣ ላኪውንና ጭነቱን ብቻ ስለሚናገር ነው። ቁጥሩ ስለ ቡናው ጣዕም አያወራም፤ ገና ስላልተከፈለ ዋጋም አይመሰክርም። በመሣሪያ ገጽ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ምልክትም በዚሁ ሚዛን ትለካ። ያልደረሰውን ደርሷል፣ ያልተለካውን ተለክቷል የምትል ምልክት ምንም ብታምር የተሸረፈ አሞሌ ናት፤ ነጋዴም አይቶ ሊመልሳት ይገባል።